አልፋልፋ ከማሳችን ይዞት የሚሄደው

አልፋልፋው ሲገረጣ ብዙ ሰው ናይትሮጅን ጎድሎታል ብሎ ዩሪያ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የታችኛውን፣ ያረጀውን ቅጠል ነው የማየው። ጠርዙ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ከተደረደሩ የጎደለው ፖታሲየም ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ናይትሮጅኑንማ አልፋልፋ በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች አማካይነት ከአየር ያገኛል። እባጮቹ ደግሞ ከቅጠል የሚወርድ ስኳር ይፈልጋሉ፤ ፖታሲየም ካነሰ ስኳሩ በደንብ አይወርድም።

ሆለታ ዳር ላሞች አርብቼ፣ ወተት ሸጬ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኔ የጓዳ ጉዳይ ነው። አንድ ኩንታል ደረቅ አልፋልፋ ሁለት ኪሎ ያህል ፖታሲየም ይዞ ከማሳ ይወጣል። ያንን ለመመለስ አራት ኪሎ ገደማ የፖታሽ ማዳበሪያ ያስፈልጋል፤ ከክብደቱ ፖታሲየሙ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነውና። መስኖ ያለው ሰው ደግሞ በየአምስት ስድስት ሳምንቱ ያጭዳል!

«የእኛ አፈር ፖታሲየም አያንሰውም» ሲባል ኖሯል። መርፊ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው የአፈር ጥናት ይህን እምነት አጠናከረው፤ ገበሬውም ለአሥርት ዓመታት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሲገዛ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮሲስ የአፈር ካርታ ሥራ ግን እጥረት ያለባቸውን አካባቢዎች አሳየ። በእኔ እምነት ለስንዴ የበቃ አፈር፣ ግንዱም ቅጠሉም እየታጨደ ለሚወሰድ መኖ ይበቃል ብሎ መደምደም አይገባም።

አልፋልፋ አንዴ ከተዘራ ለዓመታት አይታረስም። ተዳፋቱ አይሸረሸርም፣ እርጥበቱም ይቆያል፤ ይህን እወድለታለሁ። ነገር ግን ላዩ ላይ የተበተነው ፖታሲየም የሚገለብጠው ማረሻ ስለሌለ፣ ሸክላው ይይዘውና ከላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር እምብዛም አይወርድም። በበጋ ያ ንጣፍ ሲደርቅ ተክሉ ፖታሲየሙን መውሰድ ያቅተዋል። ስለዚህ የምበትነው አጭጄ እንዳነሳሁ ነው፤ ወዲያው ውኃ አጠጣለሁ። የዓመቱንም በአንዴ አልጨርሰውም፤ አልፋልፋ ካገኘ ከሚያስፈልገው በላይ ይወስዳልና። ፖታሲየም የበዛበት መኖ ደግሞ ልትወልድ ለተቃረበች ላም አደገኛ ነው፤ ከወለደች በኋላ የደሟ ካልሲየም ወርዶ መቆም ሊያቅታት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቷ የሣር ድርቆሽ አበዛለሁ።

ላም ከበላችው ፖታሲየም አብዛኛውን የምታስወጣው በሽንቷ ነው። ፍጉን ተሸክመን ወደ ማሳ እየወሰድን ሽንቱን ወደ ቦይ መልቀቃችን ያንገበግበኛል። የበረቱን ወለል ወደ አንድ ጉድጓድ አዘንብሉት፤ የተጠራቀመውን በውኃ አቅጥናችሁ፣ አዲስ ቅጠል ሳይወጣ በታጨደው ማሳ ላይ አፍስሱት። የማገዶ አመድም ፖታሲየም አለው፤ ከሽንቱ ጋር ግን አትቀላቅሉት፣ ናይትሮጅኑ በንኖ ይጠፋል። ፖታሽ ከመግዛታችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። ናሙና ስትወስዱም የላይኛውን አምስት ሴንቲሜትር ለብቻው፣ ከሥሩ ያለውንም ለብቻው አድርጉት።