ስለ ተጨማሪ አዳሪ ሒሳብ

የምድር ባቡሩ መሥመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰበት ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። ዛሬ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ሁርሶ የሚመጣው እንግዳ ሌላ ነው፤ የወታደር ማሠልጠኛ ስላለባት ልጁን ለማየት የሚመጣ ወላጅ አለ። እንዲህ ያለው እንግዳ በያዘው አልቤርጎ ዘመዱን ቢያሳድር ጭማሪ ይከፍላልን?

አስቀድመን ጠያቂንና አዳሪን እንለይ። ጠያቂ ተጫውቶ የሚሄድ ነው፤ አንሶላም ፎጣም አያስለውጥም፤ ስለዚህ ሊከፍል አይገባውም። አዳሪ ግን ውሃ፣ ሳሙናና ፎጣ ያስጨምራል፤ ስሙም ከመታወቂያው ተገልብጦ በመዝገብ ይጻፋል። ኪራዩ በክፍል የተተመነ እንደ ሆነ ጭማሪው ጥቂት ሊሆን ይገባል፤ በሰው የተተመነ እንደ ሆነ ግን እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

በአገራችን ልማድ እንግዳ ሒሳብ አይጠየቅበትም። ስለዚህ ወንድሙን መሬት ላይ አንጥፎ ያሳደረ አባት ጠዋት ጭማሪ ሲባል እንደ ተዋረደ ይቈጥረዋል፤ ባለሆቴሉም የድካሙን ዋጋ የተከለከለ ይመስለዋል። ጠቡን የሚያመጣው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። እንግዲህ ደንቡ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተጽፎ ይሰቀል፤ ቁልፍ ከመሰጠቱም በፊት በቃል ይነገር እንላለን።