በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ያረፉ እናቶች

ሰው ሸምግሎ ከሥራ በተለየ ጊዜ የሚያርፍበት ቤት በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። በሌላው ዓለም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአንድነት የሚኖሩበት፣ ሐኪም የሚጐበኛቸውና ምግባቸው በሰዓቱ የሚቀርብላቸው ሰፊ ቤት ተሠርቶ የጡረታ ዘመናቸውን በዚያ ይፈጽማሉ። በኢትዮጵያ ግን ከጥንት ጀምሮ የእርጅና ቤት ሆኖ የኖረው የቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ ያበቃች ሴት ርስቷን ለልጆቿ ታወርስና ቆብ ትደፋለች፤ ከደብሩ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሳ፣ መቋሚያዋን ይዛ፣ ውዳሴ ማርያም እየደገመች የምትጠራበትን ቀን ትጠብቃለች። ከእነዚህም መካከል ልባቸው የጨከነላቸው መንገዱን አርዝመው እስከ ኢየሩሳሌም ይሄዱ ነበር። መርከብና አውሮፕላን ሳይመጣ በእግርና በግመል የሄዱት ከዘመዶቻቸው ጋራ የሚሰነባበቱት ተመልሰው እንዳይተያዩ በማወቅ ነበርና፣ ለቅሶው ገና ከደጃፍ ይጀመር ነበር።

በኢየሩሳሌም ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ በስተ ምዕራብ፣ የኢትዮጵያ መንገድ ተብሎ በሚጠራው ጠባብ ጐዳና ላይ፣ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች። ሥራዋን ያስጀመሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ ተፈጽማ የከበረችውም በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. ነው። ሕንጻዋ እንደ አገር ቤት አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሆኖ፣ መቅደሱ ከመካከል፣ ቅኔ ማሕሌቱ በዙሪያው ነው። በዙሪያዋም ባለው ግቢ የመነኰሳትና የመነኰሳይያት ክፍሎች ተደርድረው ይገኛሉ። የዕብራይስጥን ቋንቋ ከመጽሐፍ አውጥቶ በሰው አፍ እንዲነገር የደከመው ኤሊዔዘር ቤን የሁዳ የኖረበት ቤት በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ አንድ የቆየ ቋንቋ ዳግመኛ በተነሣበት ጐዳና፣ በቅጥሩ ወዲህ ግዕዝ ሌሊት በማሕሌት ሲሰማ መኖሩ ላስተዋለው ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

በአሮጌው ከተማ ውስጥ ደግሞ በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ዴር ሡልጣን ይባላል። በዚያ ያሉት የኢትዮጵያውያን ጎጆዎች ዝቅተኛና ጠባብ ስለ ሆኑ፣ ረዥም ሰው ሳያጐነብስ አይገባባቸውም። የዚህ ገዳም ማኅበር ስንት ሰው እንደ ቀበረ የሚያስረዳ ሙሉ መዝገብ አልቈየም። እ.ኤ.አ. በ1838 ዓ.ም. በከተማዪቱ የገባው ቸነፈር የኢትዮጵያውያንን መነኰሳት በጨረሰ ጊዜ፣ መጻሕፍታቸውም በሽታ ያስተላልፋሉ ተብሎ በእሳት ተቃጠሉ። በብራናው ጠርዝ ላይ የሙታንን ስም መጻፍ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ልማድ ነውና፣ የተቃጠለው ድርሳኑና መዝሙሩ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በዚያ ያረፉት ሰዎች ስምም ነው። ስለ ይዞታው የሚከራከሩ ሰዎች ስለዚያ እሳት ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የርስቱን ማስረጃ ነው፤ የስሙ መጥፋት ግን ከዚያ ያነሰ ጥፋት አልነበረም።

እነዚህን እናቶች ለማስታወስ ለሚፈልግ ሰው አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። መነኰሰች የተባለች ሴት በኢትዮጵያ ሥርዓት አንድ ጊዜ ሞታለች። ቆብ በምትቀበልበት ቀን እንደ ሬሳ ተሸፍና የሙታን ጸሎት ይደገምላታል፤ ከዚያ ስትነሣ አባትና እናት ያወጡላት ስም ቀርቶ ሌላ ስም ይሰጣታል። ስለዚህ የቀድሞ ኑሮዋን፣ የማን ልጅ እንደ ነበረች፣ ምን እንደ ወደደችና ምን እንደ ተወች መጠየቅ እንደ ነውር ይቈጠራል። አንዲት አሮጊት መነኵሲት በደብረ ገነት 30 ዓመት ኖራ ብታርፍ፣ ጎረቤቷ የምታውቀው የጸሎቷን ሰዓትና የሳሏን ድምፅ ነው እንጂ ታሪኳን አይደለም። ሲገንዟትም፣ ሲቀብሯትም፣ ሣልስቷንና አርባዋን ሲያወጡላትም ማኅበሩ ዘመድ ሆኖ ይቆማል።

ከእነዚህ እናቶች የአንዲቱ ታሪክ ግን ከቅጥሩ ወጥቶ በዓለም ሁሉ ተሰማ። እርሳቸውም በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው።

የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበረ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአውሮፓ የተማሩ፣ ለዐፄ ምኒልክ በመልእክት ያገለገሉና የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ስመ ጥር ሰው ናቸው። ሴት ልጅን ለትምህርት ባሕር ማሻገር እንደ ድፍረት በሚታይበት ዘመን፣ ከንቲባ ገብሩ የ6 ዓመት ልጃቸውን ከታላቅ እኅቷ ከስንዱ ጋራ ወደ ስዊስ አገር ሰደዱ። የውብዳር በዚያ የቫዮሊንና የፒያኖ ትምህርት ጀመሩ። እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ኋላ ደራሲና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1950 ዓ.ም. ምርጫም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ ከሴቶች የመጀመሪያዪቱ ናቸው። ሁለቱ እኅትማማቾች ከአንድ ቤት ወጥተው፣ አንዲቱ ወደ ሸንጎ፣ አንዲቱ ወደ ገዳም መሄዳቸው የሚያስገርም ነው፤ ሁለቱም ግን በየመንገዳቸው እስከ መጨረሻው ጸኑ።

የኢጣልያ ጦር አገሪቱን በያዘ ጊዜ የከንቲባ ገብሩ ቤት ከፍተኛ መከራ ደረሰበት። ከቤተሰቡ ሦስቱ በጠላት እጅ ተገደሉ፤ የቀሩትም በግዞት ወደ አሲናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተወሰዱ። የውብዳር በዚያ ጊዜ ገና የ13 ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ። ከድል በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባለ የፖሎኝ ተወላጅ ቫዮሊን አዋቂ ዘንድ ተማሩ። በቀን 4 ሰዓት ፒያኖ፣ 5 ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለ ጐዳው ወደ አገር ተመለሱ፤ መምህሩም አብሮ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መራ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሕይወታቸው መገንጠያ ነው። በሎንዶን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ዕድል ተገኘላቸውና የመሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። የ19 ዓመት ልጃገረድ ልቧ ተሰብሮ እህል ውሃ አልቀምስም አለች፤ ከሞት አፋፍ ደርሳ ሥጋ ወደሙ ከተቀበለች በኋላ ልቧ ተመለሰ። ጥቂት ቈይታም ለዘመድ ሳትነግር ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ሄደች። ታሪካቸውን የሚጽፉ ብዙዎች ያ ክልከላ በእግዚአብሔር ፈቃድ የሆነ ነው ብለው ያልፉታል። እርሳቸውም ይህን አምነው ኖረዋል፤ ለእርሳቸው ማመኑ የተገባ ነው። ለሌላው ሰው ግን በዚያን ጊዜ አንዲት ተሰጥዎ ያላት ልጅ መንገዷ መዘጋቱ ትክክል አልነበረም ማለት ከእምነት አያወጣም።

ግሸን የመስቀል ቅርፅ ያለው አምባ፣ ብርዱ የበረታ፣ መውጫው የጠበበ ነው። መስከረም 21 ቀን ከየአውራጃው የሚሰበሰበው ሕዝብ ተሳልሞ ሲመለስ፣ በቀረው ጊዜ ጸጥታ ነው። እማሆይ በዚያ በጭቃ ጎጆ 10 ዓመት ተቀመጡ፤ በባዶ እግራቸው ሄዱ፤ በ21 ዓመታቸው የምንኵስና ሥርዓት ፈጽመው ጽጌ ማርያም ተባሉ። የሙዚቃ መሣሪያ አልነካም ብለው የቈዩት በዚያ ዘመን ነው። የልብስ መቀየር ቀላል ነው፤ በቀን 9 ሰዓት ሲሠራ የኖረ ጣት ዝም እንዲል ማድረግ ግን ከጾም ሁሉ የከበደ ሳይሆን አልቀረም።

ወደ ፒያኖ የመለሳቸው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጤናቸው ታውኮ ከግሸን ከወጡ በኋላ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ወደ ጎንደር ሄደው ነበር። ከ6ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ እየተባለ የሚዜመውን ዜማ ሲማሩ፣ ዜማውን የተሸከሙትን ልጆች አዩ። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ለማያውቀው ሰው በነገር አይገለጥም፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ሲለምን ውሻ ይነክሰዋል፣ ቁራሽ ያላት ትሰጠዋለች፣ የሌላት እግዜር ይስጥህ ትለዋለች። ሲመሽ ከደጀ ሰላም ወይም ከግንቡ ሥር ተኝቶ፣ ሌሊት የዶሮ ጩኸት ሲሰማ ተነሥቶ ድጓ ይቀጽላል። ከቤት ርቆ በልጅነቱ የሚሞትም ብዙ ነበር። እማሆይ እነዚህን ልጆች ደጅ ተኝተው ሲያዩ፣ የሚሰጡት ገንዘብ እንደ ሌላቸው አሰቡ፤ ያላቸውም ሀብት በጣታቸው ያለው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸው ከዚህ አሳብ የተወለደ ነው፤ ገቢውም ለድኆች መርጃ ሆነ።

የሚያሰሙት ዜማ የአውሮፓን ቫልስ የተማረ ጣት ያሬዳዊውን ዜማ ሲያንጐራጕር ይመስላል፤ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ እንደ ለቅሶ ይዘገያል፣ በሥፍር አይታሰርም። ይህንን ሰምተው ጃዝ ነው የሚሉ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ምዕራባውያን የማያውቁትን ነገር ሁሉ በሚያውቁት ስም መጥራት ልማዳቸው ነው።

እናታቸው ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ያህል ነበር። በሌላ ሥራ የኖረ ሰው ቢሆን ጡረታ የሚወጣበት ጊዜ ነው። በደብረ ገነት በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ አልጋቸው፣ ቅዱሳት ሥዕላትና አንድ ፒያኖ ባለበት፣ 39 ዓመት ያህል ኖሩ። ከአብዮቱ በኋላ በአዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው በአማርኛ እየዘመሩ በካሴት የቀዱት ነበረ፤ ስለ ስደትና ስለ አገር ናፍቆት የሚናገረው ይህ ድምፅ በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም.፣ ካረፉ በኋላ ነው። ፒያኖአቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ እትም በ21ኛው ቍጥር ታትሞ ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወጣቶች የደብሩን በር እያንኳኩ ስለ እርሳቸው ይጠይቁ ጀመር።

ከመጡትም አንዲቱ ማያ ዱኒየትስ የተባለች እስራኤላዊት የፒያኖ አዋቂ ናት። እማሆይ ለዚህች ሴት በኢትዮጵያ አየር መንገድ የላስቲክ ከረጢቶች የታጨቁ በመቶ የሚቈጠሩ ወረቀቶች አስረከቧት። በእርሳስ የተጻፉ የዜማ ድርሰቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ዕድሜአቸው ከ50 ዓመት የሚበልጥ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም.፣ የ90ኛው ዓመት ልደታቸው ሲታሰብ፣ ድርሰቶቹ ተስተካክለው በመጽሐፍ ታተሙ፤ በኢየሩሳሌምም በሕዝብ ፊት ተደመጡ። በስማቸው የተቋቋመ ድርጅትም በአሜሪካ ሆኖ ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ይረዳል።

ከረጢቱ ባይከፈት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አንዲት አሮጊት መነኵሲት አረፉ ተብሎ ይቀበሩ ነበር፤ ክፍላቸው ተጠርጎ ለሌላ ይሰጥ ነበር፤ ወረቀቱም ከአሮጌ ዕቃ ጋራ ይወጣ ነበር። ይህ ስለ አንዲቱ የተባለው በጎረቤቶቻቸው ላይ በእርግጥ የሚደርስ ነገር ነው። በደብረ ገነትና በዴር ሡልጣን ከሚያርፉት እናቶች መካከል የጦርነት ዘመን ስንቅ አብሳይ የነበረች፣ ልጆቿን በረኀብ ዘመን የቀበረች፣ ዳዊትን በቃሏ የምትወጣ፣ ስፌት የምትሰፋ፣ የመድኃኒት ቅጠል የምታውቅ ልትኖር ትችላለች። ቆቡ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ምንኵስናን የሚያከብር ሰው ሽፋኑን በግድ ሊገልጥ አይገባውም፤ ነገር ግን በሕይወት ሳሉ በትሕትና ከአጠገባቸው ተቀምጦ፣ የሚናገሩትን ጽፎ ለማኅበሩ መዝገብ የሚሰጥ አንድ ዲያቆን ቢገኝ ከሥርዓት አይወጣም። ገድል የሚጽፉ የቀድሞ ሊቃውንት ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ዘመኑ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ በየሰው ኪስ ያኖረበት ነውና፣ ብራናና ቀለም አጣን የሚል ምክንያት ሊቀርብ አይችልም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ዜና ዕረፍት በተሰማ ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጋዜጦች ሳይቀሩ ታሪካቸውን በሰፊው ጻፉ። በደብሩ የሚደረገው ጸሎት ግን በዚህ አይለወጥም። ካህኑ በቅዳሴ የሙታንን ስም ሲያነሣ የከንቲባ ልጅ አይልም፣ ፒያኖ አዋቂ አይልም። ጽጌ ማርያም ይላል፤ ወዲያውም ከእርሳቸው በፊትና በኋላ ያረፉትን እናቶች ስም በዚያው ድምፅ ይቀጥላል።