ከመተማ ቆላ ወደ ስሜን ደጋ፤ ቤተ ሰብን ይዞ ለመውጣት የሚያስፈልግ ዝግጅት

ሰው ሀገሩን በሁለት መንገድ ያውቃል፤ አንዱ በመጻሕፍት፥ ሁለተኛው በእግር ነው። በመጽሐፍ የተገኘው ዕውቀት ካልተደጋገመ ይረሳል፤ በእግር ተሄዶ በዓይን የታየው ግን ከልጅነት እስከ ሽምግልና ከልብ አይጠፋም። ስለዚህ በመተማ፥ በገንዳ ውኃ፥ በቋራና በአካባቢው ቆላ በሥራ የሚኖሩ ሹማምንትና የቤተ ሰብ አባቶች፥ የስሜንን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለልጆቻቸው ለማሳየት ማሰባቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ይህ ጉዞ ከሐሩር አገር ወደ ውርጭ አገር መውጣት ስለ ሆነ፥ ዝግጅቱ በቸልታ የተያዘ እንደ ሆነ፥ ለደስታ የተጀመረው መንገድ በኀዘን ሊፈጸም ይችላል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናቀርበው ምክር ይህን ለመከላከል ነው።

የመንገዱ ከፍታና ታሪኩ

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አገር ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፥ ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል፥ ሳንቃ በር ከ3,200 ሜትር በላይ፥ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። የኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ አውራ የሆነው ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ከመተማ ቤቱ የተነሣ ሕፃን በግጭ ሜዳ ቢያድር፥ 3,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። ከፍ በተባለ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፥ ሰውነት ይህን ለውጥ እስኪለምድ ድረስ ቀናት ያስፈልጉታል።

ከቆላ ወደ ስሜን መውጣት ለታሪካችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቋራው ካሣ ከዚሁ ቆላ ተነሥተው፥ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ካደረጉ በኋላ፥ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጭነዋል። መተማም ራሷ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ስለ ሀገራቸው የወደቁባት ምድር ናት። ስለዚህ አባት ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሌሊቶች ይህን ለልጆቹ ቢተርክላቸው፥ መንገዱ ድንጋይና አቀበት ብቻ ሆኖ አይታያቸውም።

ፓርኩ በሕግ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. የዋልያው ቍጥር በመቀነሱና እርሻውና ግጦሹ በመስፋፋቱ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ፤ ጥበቃው ከተሻሻለ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። በዚህ መካከል በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዛሬ ጎብኚው በግጭ የሚያገኘው ጸጥታ በእነዚያ ሰዎች ስደት የተገኘ መሆኑን ልጆች ቢያውቁት መልካም ነው።

ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ስፍራ የለውም። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ጭላዳ በመቶ እየሆነ በሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነቅል ማየት ለልጅ ታላቅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ምግብ መወርወርም ሆነ ማባረር ክልክል መሆኑን አስቀድሞ መንገር ያሻል።

ስለ ጊዜው ምርጫ

ክረምት ከወጣ በኋላ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ሰማዩ የጠራና ተራራው ገና ለምለም ስለ ሆነ ከሁሉ ይመረጣል። ነገር ግን በመተማ ቆላ ጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ወር ነው፤ እርሻ ያለው ሰው ልቡ በማሳው ላይ ሳለ በተራራ ላይ ዕረፍት አያገኝም። ስለዚህ ሰሊጡ ተራግፎ ከገባ በኋላ፥ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መሄድ ይሻላል። ጥር 11 ቀን የጥምቀትን በዓል በጎንደር በፋሲል መዋኛ አክብሮ ከዚያ ወደ ስሜን መውጣትም መልካም ሐሳብ ነው። ሆኖም በታኅሣሥና በጥር ሌሊት በግጭና በጨነቅ ውኃ እስኪረጋ ድረስ ይበርዳልና ልብሱ በዚያ ልክ መዘጋጀት አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገዱን ጸጥታ መጠየቅ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፥ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተጀመረው ግጭት በእነዚህ መንገዶች መጓዝን አስቸጋሪ አድርጎታል፤ የጎብኚውንም ቍጥር አሳንሶታል። የዛሬው ሁኔታ ከትናንቱ ሊለይ ስለሚችል፥ በሚነሡበት ሳምንትም፥ በሚነሡበት ጧትም፥ ከጎንደርና ከደባርቅ ቢሮዎች፥ እንዲሁም በዚያው መንገድ ከሚመላለሱ ነጂዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ማቆየት ብልኅነት እንጂ ፍርሃት አይባልም። ተራራው በሚመጣው ዓመትም በስፍራው ይኖራል።

ቀስ ብሎ ስለ መውጣት

ከመተማ እስከ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ያለው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጨርሶ በማግሥቱ ተራራ ላይ ልውጣ ቢል ይችላል፤ ሰውነቱ ግን አይከተለውም። የሚሻለው ሥርዓት ይህ ነው። በጎንደር ሁለት ሌሊት ማደርና የነገሥታቱን ግንብ ማየት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ደባርቅ ወጥቶ ማደር፤ በአራተኛው ቀን እስከ ቡይት ራስ በመኪና ሄዶ ከዚያ እስከ ሳንቃ በር በእግር መጓዝ፤ በአምስተኛው ቀን የጅንባርን ፏፏቴ እያዩ ወደ ግጭ መሄድ፤ በስድስተኛው ቀን በግጭ ሰንብቶ እስከ እሜት ጎጎ ደርሶ መመለስ፤ በሰባተኛው ቀን ወደ ጨነቅ መጓዝ፤ በስምንተኛው ቀን በማለዳ ዋልያውን አይቶ በመኪና ወደ ደባርቅ መውረድ። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ ግን ከሳንቃ በር ባያልፍም አይቈጨው፤ ጭላዳውም ገደሉም በዚያው ይታያልና።

ከመነሣት በፊት ባሉት አራትና አምስት ሳምንታት፥ በመተማ ፀሓይ ሳይወጣ ማለዳ አንድ ሰዓት፥ ኋላም ሁለት ሰዓት በእግር መሄድን መለማመድ ይገባል። የሚለበሰው ጫማም በዚሁ ልምምድ እግርን ይልመድ፤ አዲስ ጫማ ለተራራ መንገድ ጠላት ነው።

ስለ መሪውና ስለ ጭነቱ

የመግቢያው ክፍያ የሚፈጸመው በደባርቅ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። አስጎብኚው፥ ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ፥ ወጥ ሠሪውና የበቅሎ ጫኞቹም በዚያው ከተማ ይገኛሉ። ክፍያውን፥ የቀኑን ብዛት፥ በቅሎዎቹ የሚመለሱበትን ቀን ሁሉ ከመነሣት በፊት በጽሑፍ መስማማት ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል። እነዚህ ሰዎች ከጎብኚው በሚያገኙት የሚኖሩ ናቸውና፥ በመከራው ዘመን ብዙ ወራት ያለ ሥራ ሰንብተዋል። ስለዚህ በዋጋ ማስጨነቅ ለባለ ማዕረግ ሰው አይገባም። ምግባቸውና የሌሊት ልብሳቸው የተሟላ መሆኑን መጠየቅም የጌታው ፋንታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይታወቅ። በገደል አፍ ላይ ማዕረግ የለም። አስጎብኚው «ከዚህ አትለፉ» ያለ እንደ ሆነ፥ ሚኒስትርም ቢሆን ደጃዝማችም ቢሆን መቆም አለበት። አባት ሲታዘዝ ያየ ልጅ ያለ ክርክር ይታዘዛል፤ አባት ሲከራከር ያየ ልጅ ግን ወደ ገደሉ ይሮጣል።

የቤት እመቤት በምታሰናዳው ስንቅ ረገድ የሚታሰበው ይህ ነው። በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፥ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም፤ ማገዶም ያባክናል። ስለዚህ ሽሮ፥ በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይመረጣሉ። የምንጩ ውኃ ከመጠጣቱ በፊት ሦስት ደቂቃ መፍላት አለበት። ለልብስ ደግሞ የቆላው ስስ ሸማ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሹራብ፥ ካፖርት፥ የሱፍ ኮፍያ፥ ጓንት፥ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲና ጋቢ ያስፈልጋል። የቀኑ ፀሓይም በብርዱ ተሸፍኖ ፊትን የሚያቃጥል ስለ ሆነ ባርኔጣ አይረሳ።

ከብርድ የሚሠወር ወባ

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደረስን። ከመተማ የሚነሣ ቤተ ሰብ ከአዲስ አበባ ከሚመጣው የሚለይበት አንድ ብርቱ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ወባ ነው። በቆላ ሳለ በወባ ትንኝ የተነከሰ ሰው ወዲያው አይታመምም። ብርቱው የወባ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሰውነት ውስጥ ተሠውሮ ይቈያል። እንግዲህ በመተማ በመጨረሻው ሌሊት የተነከሰ ልጅ ትኵሳቱ የሚነሣበት በስሜን ተራራ ላይ በሚያድርበት ሰሞን ሊሆን ይችላል።

በዚያን ጊዜ ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ ራሴን አመመኝ ይላል፤ ያስመልሰዋል። አየሩ ብርድ ስለ ሆነ እናት «ብርድ መታው» ትላለች፤ አስጎብኚውም ብዙ ሰው ሲታመም አይቷልና «ከፍታው ነው፤ ይለምደዋል» ይላል። ሁለቱም በቅን ልብ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ብርቱው ወባ ሕፃንን በአንድ ቀን ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል፥ ጋቢ ደርቦ ሌሊቱን መጠበቅ አይገባም።

የከፍታ ሕመምም በራስ ምታት፥ በማቅለሽለሽና በእንቅልፍ ማጣት ይጀምራል፤ ራሱን መግለጥ የማይችል ሕፃን ደግሞ ምግብ በመጥላትና ያለ ምክንያት በማልቀስ ያሳያል። ራስ ምታት የያዘው ሰው ወደ ላይ አንድ እርምጃ አይጨምር። እየባሰ ከሄደ፥ ወይም መተንፈስ ካቃተው፥ ወይም አካሄዱ ከተንገዳገደ ወዲያው ይውረድ። ብርቱ ትኵሳት ያለ እንደ ሆነ ግን የከፍታ ሕመም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በደም ምርመራ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ወባ ይቈጠር። ሁለቱን ሕመሞች በተራራ ላይ መለየት ለማንም አስቸጋሪ ነው፤ መፍትሔያቸው ግን በመጀመሪያው እርምጃ አንድ ነው፤ እርሱም መውረድ ነው። በደባርቅ ሆስፒታል አለ። እዚያ እንደ ደረሱ ለሐኪሙ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል «ከመተማ ቆላ የመጣን ነን» የሚል ይሁን።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ቤተ ሰቡ በሙሉ በአጎበር ውስጥ ይተኛ። ሊነሣ ሲል የሚያተኵሰው ሰው ካለ ሳይመረመር አይሂድ። ነፍሰ ጡር ሴት፥ ልብ ወይም ሳንባ የሚያመው ሰው፥ ደሙ ያነሰ ልጅም ሐኪም ሳይፈቅድ ወደ ተራራው አይውጣ። አንድ በቅሎ ያለ ጭነት ለበሽተኛ ትጠበቅ፤ መኪናውም መንገድ ባለበት ስፍራ ቅርብ ይሁን። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም እንኳ ትኵሳት የተሰማው ቢኖር ቶሎ ይመርመር።

አንባብያን ሆይ፥ ይህን ሁሉ የጻፍነው ለማስፈራራት አይደለም። በእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆሞ፥ ከእግሩ በታች ደመና ሲጓዝ፥ ጅብራው በውርጭ መካከል ቆሞ፥ ዋልያው በገደሉ ገጽ ላይ ያለ ፍርሃት ሲራመድ ያየ ልጅ፥ ሀገሬ ታላቅ ናት ለማለት ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። ነገር ግን የጉዞው ፍሬ የሚለካው በወጡበት ከፍታ ሳይሆን፥ ከቤት የወጡት ሁሉ በጤና በመመለሳቸው ነው። ልጁ ታሞ ከሳንቃ በር የተመለሰ አባት ጉዞው ጐደለበት አይባልም፤ ራስ ደጀንን ለማየት ሲል የልጁን ትኵሳት ችላ ያለ ግን ከሁሉ የበለጠውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ማሰብ፥ ቀስ ብሎ መውጣት፥ በጊዜ መውረድ የቤተ ሰብ ጠባቂ ከሆነ ሰው ሁሉ የሚጠበቅ ነው።