ዲቪ ከደረሰ በኋላስ?

«ዲቪ ደረሰኝ!» ተብሎ እልል ከተባለ በኋላ፣ በፓርኪንግና በታክሲ ሥራ ደፋ ቀና ስንል ያ ሁሉ ደስታ የት እንደገባ የጠፋብን ስንቶች ነን?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ብሪክማንና ሁለት ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ከፍተኛ የሎተሪ ገንዘብ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ባለዕድሎቹ ከሌላው ይህን ያህል የበለጠ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም። ይባስ ብሎ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት፣ ቁርስ መብላት፣ ቀልድ መስማት የሚሰጣቸው ደስታ ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር።

እርግጥ ይህ ትንሽ ጥናት ነው። በ2020 የታተመ ሰፊ የስዊድን ጥናት፣ ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ከፍ እንደሚልና ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚዘልቅ አሳይቷል፤ በደስታ ስሜታቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። (ገንዘብ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ መሆን አለበት።)

እኛ ስደተኞች ደግሞ ሌላም ሎተሪ አለን። «አገር ሲስተካከል እንገባለን» እያልን ሻንጣችንን ሳንፈታ 20 እና 30 ዓመት የተቀመጥን ጥቂት አይደለንም። ስለ አገር መጮህ ተገቢ ነው፤ ማንም ይህን አይነቅፍም። ግን ቅዳሜ ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ገና አቦሉ ሳይጠጣ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ስልኩን ይዞ መኝታ ቤት የሚገባውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። በረካው ሲቀዳም እዚያው ነው። ልጆቹ ቁርስ ሲበሉ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ።