ጋሻ ጃግሬዋ ፓቺሪሱ

በ2014 በኦገስት ወር በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ የፖኬሞን ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ተደርጎ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በታላላቆቹ ምድብ ለመጨረሻው ግጥሚያ ከቀረቡት ከሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሴጁን ፓርክ የተባለ የደቡብ ኮሪያ ወጣት ነበር። ይዟቸው ከመጣው ስድስት ፍጥረታት መካከል አንዱ የባሕር እባብ የሚመስል ግዙፍ፣ አንዱ ዘንዶ፣ አንዱም እሳት የሚረጭ ጭልፊት ነው። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ቁመቷ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 4 ኪሎ የማይሞላ፣ በነጭ ገላዋ ላይ ሰማያዊ መስመር የወረደባት፣ ጉንጮቿ ቢጫ የሆኑ አንዲት ሽኮኮ መሳይ ተሰልፋለች። ስሟ ፓቺሪሱ ይባላል። ያያት ሰው ለልጅ መጫወቻ እንጂ ለጦር ሜዳ ትሆናለች ብሎ አይገምታትም። ሴጁን ግን ዋንጫውን የበላው እሷን አሰልፎ ነው።

ለመሆኑ ይህች ደካማ ፍጥረት በዚያ ሜዳ ላይ ምን ትሠራ ነበር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ አያሌ ወጣቶች የሚሳሳቱበትን ነገር ይነካል። ሁሉም የሚመታ ፍጥረት ማሳደግ ይወዳል። ደጋፊ ፍጥረት ላሳድግ ብሎ የሚነሣውም ቢሆን የመከላከያ ቍጥሩ ከሁሉ የበዛውን ፈልጎ ይመርጥና «ይኸው ጋሻ አገኘሁ» ይላል። በእኔ አስተያየት መነሻው የተሳሳተ ነው። ጋሻ ጃግሬ የሚመረጠው ጌታው ከሚቆስልበት ቦታ ተነሥቶ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ፖኬሞን በጃፓን አገር በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ለገበያ የቀረበ፣ «ጌም ቦይ» በተባለችው የኒንቴንዶ የእጅ መጫወቻ ላይ የተጀመረ ጨዋታ ነው። አሳቢው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳትን ከየሜዳው እየሰበሰበ ያደገ ሰው ሲሆን፣ ጨዋታውም ፍጥረታትን መሰብሰብ፣ ማሳደግና ማዋጋት ነው። ውጊያው ተራ በተራ ስለ ሆነ የጣት ቅልጥፍናን አይጠይቅም። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ሳያይ ትእዛዛቸውን ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሁሉንም በየቅደም ተከተሉ ይፈጽማል። በዓለም ውድድር ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ፍጥረታት አሳይቶ አራቱን ይመርጣል፤ ሜዳውም ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ያሰልፋል። ፍጥረቱ አራት የውጊያ ጥበብ፣ አንድ ተፈጥሮአዊ ችሎታና አንድ የሚይዘው ዕቃ ይኖረዋል። ወገኑም የእሳት፣ የውኃ፣ የኤሌክትሪክ፣ የምድር እየተባለ እስከ 18 ይቈጠራል፤ አንዱ ወገን ሌላውን ይጐዳል፣ ሌላውን ይፈራል።

እንግዲህ ወደ ቍስሉ እንመለስ። የሴጁን ዋና ተዋጊ ጊያራዶስ ነበር፤ ያ የባሕር እባብ መሳዩ። ጊያራዶስ የውኃና የበራሪ ወገን በመሆኑ፣ ውኃም በራሪም ኤሌክትሪክን ስለሚፈሩ፣ የኤሌክትሪክ ምት በእሱ ላይ አራት እጥፍ ሆኖ ያርፋል። ወደ «ሜጋ» መልኩ ሲለወጥ የበራሪነቱን ትቶ የጨለማን ወገን ስለሚይዝ ጉዳቱ ወደ ሁለት እጥፍ ይወርድለታል፤ ቢሆንም ሁለት እጥፍ ቀላል አይደለም። እሳተኛው ጭልፊት ታሎንፍሌምም በራሪ እንደ መሆኑ ኤሌክትሪክን ይፈራል። በዚያ ዓመት ደግሞ ሮቶም የተባለው የኤሌክትሪክ ፍጥረት በየተጫዋቹ ቡድን ውስጥ ይገኝ ነበር። (ሮቶም በልብስ ማጠቢያ መኪና ወይም በምድጃ ውስጥ ገብቶ የሚዋጋ ነው። ጃፓኖች ለቀልድ አያንሱም።)

ፓቺሪሱ የምትገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። «ቮልት አብዞርብ» የተባለ ችሎታ አላት፤ የኤሌክትሪክ ምት ሲያርፍባት ከመጐዳት ይልቅ ከሙሉ ሕይወቷ ሩቡን ይመልስላታል። በዚህ ላይ «ፎሎው ሚ» የተባለውን ጥበብ ታውቃለች፤ በአማርኛ «ወደ እኔ!» ብንለው ያስኬዳል። ይህን ባለችበት ተራ፣ ጠላት በአንድ ፍጥረት ላይ ያነጣጠረው ምት ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። እንግዲህ ሮቶም ጊያራዶስን በመብረቅ ልግደል ብሎ ሲነሣ መብረቁ ሽኮኮዋ ላይ ያርፋል፤ እሷም ትድናለች። ጊያራዶስ ደግሞ ማንም ሳይነካው አንድ ሙሉ ተራ አገኘ ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ነጻ ተራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የተጫወተ ያውቀዋል።

አንባቢ «ይህን የሚያደርግ ሌላ ጠንካራ ፍጥረት አልነበረምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነበረ። የዚያ ዓመት ሕግ የፈቀደው በካሎስ አገር (በፈረንሳይ አምሳል በተሠራው የጨዋታው አገር) መዝገብ ውስጥ የሚገኙትን ብቻ ስለ ነበር ምርጫው ጠባብ ነበር፤ ከነዚያም ውስጥ እንጉዳይ መሳዩ አሙንጋስ ስመ ጥር ነበር። የሕይወቱ ቍጥር ከፓቺሪሱ በእጅጉ ይበልጣል፤ ጠላትንም ያስተኛል። ነገር ግን ምትን ወደ ራሱ የሚስብበት ጥበብ ዱቄት ነው፤ ዱቄትም ከ2013 ጀምሮ የሣር ወገን የሆኑትንና ልዩ መነጽር የያዙትን አይስብም። በዚህ ላይ እንደ ታሎንፍሌም ያሉ በራሪዎችን አጥብቆ ይፈራል። ፓቺሪሱ ግን የበራሪን ምት በእኩሌታ ብቻ ትቀበላለች። በብቻዋ ስትመዘን አሙንጋስ ይበልጣታል፤ በጊያራዶስ አጠገብ ስትቆም ግን እሷ ትበልጣለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የተሳበውን ምት ካልቻለችው ጥቅም የለውም። ስለዚህ አስተዳደጓን በቍጥር ማየት ያስፈልጋል። ማንኛውም ፍጥረት ተጫዋቾች «ኢ ቪ» የሚሉት 510 የሥልጠና ነጥብ ይሰጠዋል፤ በአንዱ ዘርፍ ግን ከ252 በላይ ማዋል አይቻልም። በውድድሩ ደረጃ፣ ማለት በ50ኛው ደረጃ ላይ፣ 252 ነጥብ 32 ይጨምራል። ሴጁን 252ን በሕይወት፣ 252ን በአካል መከላከያ፣ የቀሩትን 4 በልዩ መከላከያ ላይ አዋለ። ጠባይዋንም የአካል መከላከያን በመቶ 10 ከፍ የሚያደርገውን መረጠ። ይህ ጠባይ በምትኩ ልዩ ማጥቂያዋን ይቀንሳል፤ እሷ ግን በልዩ ማጥቂያ የምትሠራው ምንም ሥራ ስለሌላት ዕዳውን የሚከፍል የለም። እንዲህ ሆኖ ሕይወቷ ከ135 ወደ 167፣ የአካል መከላከያዋ ከ90 ወደ 134 ወጣ።

ይህ ልዩነት ምን ያመጣል? ጋርቾምፕ የተባለውን ዘንዶ እንውሰድ፤ የማጥቂያ ሥልጠናው የሞላ፣ ጠባዩ ግን ለፍጥነት የተመረጠ ይሁን። በጥፍሩ ሲመታ ያልሠለጠነችውን ፓቺሪሱ ከ93 እስከ 109 ያጐድልባታል፤ ከ135 ላይ ይህ ሲነሣ ሁለተኛው ምት ይጨርሳታል። የሠለጠነችውን ግን ከ61 እስከ 73 ብቻ ነው። ሁለት ምት ትችልና ሕይወቷ ከእኩሌታ በታች ሲወርድ የያዘችው «ሲትረስ» የተባለ ፍሬ 41 ይመልስላታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውንም ቆማ ትቀበላለች። ይበልጥ የሚያስገርመው የምድር መንቀጥቀጡ ነው። ፓቺሪሱ የምትፈራው ወገን ምድርን ብቻ ሲሆን፣ ጋርቾምፕ ምድሩን ሲያንቀጠቅጥ ጥንድ በቆመበት ሜዳ ከ116 እስከ 138 ያደርስባታል። ከ167 ላይ ይህ ቢቀነስ በሕይወት ትተርፋለች። ያልሠለጠነችው ግን ከ168 በላይ ይደርስባታልና በአንድ ጊዜ ትወድቃለች። ለእነዚህ ቍጥሮች የሚያስፈልገው መደመርና ማባዛት ብቻ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ የያዘ ተማሪ ሁሉ ሊያገኛቸው ይችላል። ብዙዎች ግን ሳያሰሉ ይገባሉ፤ ከተሸነፉም በኋላ ዕድላቸውን ይረግማሉ።

አሁን ወደ ጥበቦቿ ልለፍ። ጋሻ ብቻ የሆነ ፍጥረት አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ጠላት ችላ ሊለው ይችላል። የማይመታውን ማን ይፈራዋል? ጓደኛው ሲወድቅ ብቻውን ቀርቶ ዱላ እየተቀበለ ይጠብቃል። ሴጁን ይህን አስቦበታል። አንደኛው «ሱፐር ፋንግ» ነው፤ የጠላት መከላከያ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከቀረው ሕይወት እኩሌታውን በጥርስ ይወስዳል። የማጥቂያ ቍጥሯ 45 ብቻ ለሆነች ፍጥረት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም፤ ምክንያቱም በኃይሏ ላይ ምንም አይመረኰዝም። ሁለተኛው «ነዝል» ነው፤ ጉንጯን አሻሽታ የነካችውን ሁሉ ያሽመደምደዋል። በ2014 ሕግ የተሽመደመደ ፍጥረት ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርድ ነበር፤ ከአራት ተራም አንዱን ሳይንቀሳቀስ ሊያልፍ ይችላል። (ከ2016 ወዲህ በወጡት ጨዋታዎች ፍጥነቱ ወደ እኩሌታ ብቻ ይወርዳል።) በዚያ ዓመት እናትና ልጅ ሆነው ሁለት ጊዜ የሚመቱት ካንጋስካን ውድድሩን አስጨንቀው ይዘውት ነበርና፣ እነሱን ማዘግየት ብቻ ትልቅ ሥራ ነበር። ሦስተኛው ከላይ ያነሣነው «ወደ እኔ!» ሲሆን፣ አራተኛው «ፕሮቴክት» የተባለው ለአንድ ተራ ራስን መሸሸጊያ ነው። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም፤ ሁሉም ይይዘዋል።

ታዲያ ፓቺሪሱ እንከን የላትም ማለት አይደለም። «ወደ እኔ!» የሚስበው በአንድ ላይ የተነጣጠረውን ምት እንጂ እንደ ምድር መንቀጥቀጥ ወይም እንደ ዐለት ናዳ ሁለቱንም የሚመታውን አይደለም። ነዝልም በምድር ወገን ላይ አይሠራም። ይህን የሚያውቅ ባላጋራ ሽኮኮዋን አልፎ ሁለቱንም አንድ ላይ ይደበድባል። ጊያራዶስና ታሎንፍሌም በራሪዎች በመሆናቸው የምድር መንቀጥቀጥ አለመንካቱ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፤ የእሷን ጉድለት ደግሞ እነሱ ይሸፍኑታል። ቡድን ማለት ይህ ነው እላለሁ።

ይህን የተማርኩት በሽንፈት ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ከአንድ የመኝታ ቤት ጓደኛዬ ጋር በኮምፒዩተር እንጫወት ነበር። የዋሽንግተኑን ግጥሚያ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አየሁና፣ ፓቺሪሱን ከነሥልጠናዋ፣ ከነፍሬዋ፣ ከነአራት ጥበቧ እንዳለች ገልብጬ ቡድኔ ውስጥ አስገባኋት። የኔ ዋና ተዋጊ ግን ራይፔሪየር የተባለ አውራሪስ መሳይ፣ የምድርና የዐለት ወገን የሆነ ፍጥረት ነበር። የምድር ወገንን ኤሌክትሪክ ከነጭራሹ አይነካውም። እንግዲህ ጠባቂ ያቆምኩት በማይቆስልበት በኩል ነው። ይህ ሳያንስ ራይፔሪየር ምድሩን ባንቀጠቀጠ ቍጥር አጠገቡ የቆመችውን ፓቺሪሱንም አብሮ ይመታታል፤ እሷም ምድርን ስለምትፈራ፣ ከጠላት አንድ ምት ከቀመሰች በኋላ የገደላት የገዛ ጌታዋ ሆነ። ጓደኛዬ ሲስቅ አልጋው ተንቀጠቀጠ። በተከታታይ አራት ጊዜ እንዲሁ ተሸነፍኩ፤ ጥፋቱንም በሽኮኮዋ ላይ አላከክሁ።

በአምስተኛው ቀን ማታ ወረቀት አውጥቼ «ራይፔሪየር የሚሞተው በምንድን ነው?» ብዬ ጻፍሁ። መልሱ አንድ መስመር አልሞላም፤ ውኃና ሣር፣ ሁለቱም በአራት እጥፍ። ይህን ከጻፍሁ በኋላ ፍለጋው ቀላል ሆነ። ጋስትሮደን የሚባል ቀንድ አውጣ መሳይ የባሕር ፍጥረት አለ፤ «ስቶርም ድሬይን» በተባለው ችሎታው ለጓደኛው የተላከውን የውኃ ምት ያለ ምንም ትእዛዝ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ውኃውም አይጐዳውም፣ እንዲያውም ልዩ ማጥቂያውን ያሳድግለታል። አንድም ተራ አያባክንም። የራይፔሪየርንም መንቀጥቀጥ ያለ እጥፍ ይቀበለዋል። ከሕይወቱ እኩሌታውን የሚመልስበትም ጥበብ አለው። ሥልጠናውን እንደ ፓቺሪሱ አስልቼ ሰጠሁት፤ በማግስቱም ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ በውኃ ሲመታኝ ሦስቱንም ቀንድ አውጣዬ ጠጣው። አሸነፍሁ።

ደስታዬ ግን አንድ ቀን ብቻ ቆየ። ጋስትሮደንም እንደ ራይፔሪየር ሣርን በአራት እጥፍ ይፈራል፤ በወረቀቴ ላይ የጻፍሁትን ሁለተኛውን ቃል ረስቼው ነበር። በማግስቱ ማታ ጓደኛዬ አልጋው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና፣ አሙንጋስን ከፊት አሰልፎ ፈገግ አለ።