ግለቱ ሲበርድ ፍቅሩ አለቀ?



በአማርኛችን «ፍቅር ያዘኝ» ይባላል እንጂ «ፍቅርን ያዝኩት» አይባልም። ፍቅር ሳይጠሩት ይመጣል ማለት ነው። ትዳር ግን በየቀኑ በፈቃድ የሚጠበቅ ነው። እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ አዲስ ፍቅር የያዛቸው 17 ሰዎች የወዳጃቸውን ፎቶግራፍ ሲያዩ፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨውና ጉጉትን የሚቀሰቅሰው የአንጎላቸው ክፍል ሲነቃ ታይቷል። ጉጉት ደግሞ ያላገኙትን ሲሹ ይበረታል፤ አብረው ሲኖሩ ይረጋል። በወሎ ምድር ትዝታ የሚዜመው ለራቀ ወዳጅ ነው፤ ማታ ከአንድ መሶብ አብሮ ለሚበላው ማን ያዜምለታል?

ስለዚህ በመካነ ሰላምም ሆነ በሌላ ከተማ ያላችሁ ባለትዳሮች፣ ግለቱ ሲበርድ «ፍቅራችን አለቀ» ብላችሁ አትደምድሙ። እንዲመለስ ብላችሁም ልጅ ለመውለድ አትቸኩሉ፤ ልጅ የራሱን ፍቅር ይዞ ይመጣል እንጂ የወላጆቹን ኩርፊያ አያስታርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንድታቆይ ይመክራል። ይህ ጊዜ ለእናቲቱና ለሕፃኑ ጤና ብቻ ሳይሆን ለባልና ሚስት መነጋገሪያም ይሆናል።

ቡናው ሲፈላ ስንት ልጅ፣ መቼ እንደምትፈልጉ ተመካከሩ፤ ወደ ክሊኒኩም አብራችሁ ኑ።