ቃሊቲ ላለ እስረኛ ማን ይድረስለት?

ገንዘብም ዘመድም የሌለው ሰው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ቢገባ ማን ይደርስለታል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20፣ ተከሳሹ ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። የእስረኛን አያያዝ መከታተልና ነፃ የሕግ ምክር መስጠት ግን የማኅበራትም ሥራ ነው። ማኅበራቱ ደግሞ የሚላወሱት የገንዘብ ሕጉ በፈቀደላቸው መጠን ነው። ይህ ሕግ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተገለባበጠ እስቲ ላጫውታችሁ።

የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ለሁለተኛ ጊዜ ቃሊቲ የታሰሩት በታኅሣሥ 2001 ነበር። በዚያው ወር ፓርላማው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅን፣ ቁጥር 621ን፣ አጸደቀ። በአዋጁ መሠረት በሰብዓዊ መብትና በፍትሕ አካላት አሠራር ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ ሊያገኝ የሚችለው ከመቶ ብር 10 ብር ብቻ ነበር፤ 90ው ከአገር ቤት ይምጣ ተባለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ታገደበት፤ ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘጋ። ከመሥራቾቹ አንዱ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ራሳቸው ከምርጫ 97 በኋላ የቃሊቲ እስረኛ እንደነበሩ ልብ በሉ።

በሰፊው “ሰባ ሠላሳ” እየተባለ የሚታወቅ ደንብም ነበር፤ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ አይበልጥም። ሲሰሙት ደግ ነገር ይመስላል። ችግሩ አስተዳደራዊ ተብሎ የሚቆጠረው ነገር ነው፦ የጉዞና የክትትል ወጪ ጭምር እዚያ ውስጥ ይገባ ነበር። እስረኛ ለመጎብኘት ከመሀል ከተማ ቃሊቲ ድረስ የሚሄድ ባለሙያ ሥራው ራሱ ጉዞና ክትትል ነው እኮ! ዋናው ሥራ እንደ ትርፍ ወጪ ተቆጠረ ማለት ነው።

በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። ጠበቀ እንዴ? የለም፣ ላላ እንጂ። አስተዳደራዊ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይገናኘው ወጪ ብቻ ሆነ። የውጭ ገንዘብ ገደቡም ተነሣ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ማኅበራቱን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ቦርድ አወቃቀርም ተቀየረ። በድሮው ሕግ 7 አባላት ነበሩ፤ ሁሉንም የሚሰይመው መንግሥት ሲሆን ከማኅበራት የሚመጡት 2 ብቻ ነበሩ። አዲሱ 11 አደረጋቸው፤ ሦስቱ የሲቪል ማኅበረሰብ ምክር ቤት ወኪሎች ናቸው፤ አካል ጉዳተኞች፣ ሴቶችና ወጣቶችም ቦታ አገኙ።

ከሁሉ የሚያጓጓኝ ግን ይኸው አዲሱ አዋጅ የደነገገው የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ነው። ለተጋላጭ ወገኖች የሚሠሩ ድርጅቶችን ለማበረታታት የታሰበ ነው፤ ከእስረኛ የባሰ ተጋላጭ ደግሞ ማን አለ? አንዱ የገቢ ምንጩ ከፈረሱ ድርጅቶች የሚቀር ንብረት መሆኑ ግን አይዋጥልኝም፤ ፈንዱ በሌሎች መክሰም መኖር የለበትም። ማን አመልክቶ ማን እንዳገኘ፣ ማን በምን ምክንያት እንደተከለከለም በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ።

ሕግ መሻሻሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በ2017 ኢሰመጉን ጨምሮ የመብት ድርጅቶች ለጊዜው ታግደው ነበር። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በመብት ላይ የሚሠራ አንድ ማኅበር ምረጡና አባል ሁኑ፤ የአባልነት መዋጯችሁንም በየጊዜው ክፈሉ።